ብርድ ሲገባ ግልገሎቻችንን እንዴት እናትርፍ?

(ለራያ ቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች አርሶ አደሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

 የማሽላው አጨዳና የጤፉ ውቂያ ሳይለቃችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህ ንግግር በጽሑፍ የተሰጣችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት እንድትገቡ ነው። በአብዛኛው ቤት ግልገል የሚይዙት እናቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ማታ እሳት ዳር ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

በዚህ አካባቢ ስለ ብርድ ስናገር ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እኛ ቆላ ነን፣ ብርድ የደጋ ሰው ችግር ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ቀን ቀን ፀሐዩ ሸሚዝ ያስወልቃል። ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱን ያለ ጋቢ የሚያድር ማን ነው? የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ነው። በምዕራብ በኩል የግዳን ተራራ አለ፣ በምሥራቅ ዞብል አለ። ሰማዩ ጥርት ሲል የምድሩ ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከሞቃቱ ይከብዳልና ከተራራው እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ግልገልን የሚጎዳው ይህ ነው። ቀን ሙቀቱን ለምዶ የዋለ ገላ ሌሊት ድንገት ይቀዘቅዛል። ደጋ ያለው ሰው ብርዱን ስለሚያውቀው ይዘጋጃል፣ እኛ ግን ስለማንጠረጥረው አንዘጋጅም።

ፍየል ለዚህ አገር ሰው ምን እንደሆነች ለእናንተ አልነግርም። ዝናብ ሲቀር ከበሬው በፊት ተሸጣ እህል የምትገዛ፣ የልጅ ደብተር የምትገዛ፣ ለታመመ ወተት የምትሰጥ እሷ ናት። በድርቅና በጦርነት መንጋው የሳሳበት ቤት ሲያገግም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንዲት እናት ፍየል ነው። እንዲህ ላለ ቤት በአንድ ሌሊት ሁለት ግልገል መሞት ማለት የአንድ ዓመት ሥራ መጥፋት ማለት ነው።

1. ብርድ ግልገልን የሚገድለው እንዴት ነው?

አዲስ የተወለደ ግልገል ትንሽ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ፀጉሩም ስስ ነው። ከእናቱ ሆድ ይዞ የሚወጣው ስብ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሆን ማገዶ ነው። ያ ከማለቁ በፊት ካልጠባ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ግልገል መጥባት ያቅተዋል፣ ካልጠባ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ስንነሳ ደርቆ እናገኘውና «ምች መታው» ወይም «ዓይን ነው» እንላለን። ብዙውን ጊዜ የገደለው እርጥበትና ረሃብ ነው።

ሁለተኛው አገዳደል ይዘገያል። የሳንባ ምች የሚያመጡት ፓስቱሬላ የሚባሉ ጀርሞች በጤነኛ ፍየል አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥም ይኖራሉ። ፍየሏ ጠንካራ እስከሆነች ድረስ ወደ ታች አይወርዱም። ብርድ፣ ረሃብ፣ አቧራ፣ የተጨናነቀ ጉሮኖ ወይም ረጅም ጉዞ ሲያዳክማት ግን ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ብርዱ በሩን ይከፍታል፣ ጀርሙ ይገባል። መድኃኒት ጀርሙን ሊገድል ይችላል፣ በሩን ግን አይዘጋም። በሩን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ።

2. በተወለደበት ቀን የሚሠሩ ሦስት ሥራዎች

አንደኛ፣ ማድረቅ። እናቲቱ እንድትልሰው ጊዜ ስጧት፣ ሽታውን የምታውቀው በዚያ ነው። መንታ ወልዳ አንዱን ስትልስ ሌላው ከቀረ ወይም ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ወይም በጭድ እሹት። ማሸቱ ትንፋሹንም ያነቃቃል። ከአፍንጫውና ከአፉ ላይ ያለውን ልጋግ ጥረጉለት።

ሁለተኛ፣ እትብት። እትብቱ ክፍት በር ነው። ከእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የአዮዲን ቲንክቸር በትንሽ ስኒ አድርጋችሁ እትብቱን ሙሉ በሙሉ ንከሩት። በእበት ወይም በአፈር ማሸት የቆየ ልማድ ነው፣ ይቅር። በእትብት የገባ ጀርም ከሳምንት በኋላ ጉልበቱን አሳብጦ ያነክሰዋል፣ ወይም በደም ገብቶ ይገድለዋል።

ሦስተኛ፣ እንገር። እንገር ምግብም ክትባትም ነው። የፍየል ግልገል በሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፣ የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያስገባው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ከተወለደ ከ6 ሰዓት በኋላ መቀበሉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ሲሞላው ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት መጥባቱን በዓይናችሁ እዩ። የእናቲቱን ጡቶች አንድ ሁለት ጊዜ አልባችሁ ጫፋቸው ላይ ያለውን መዘጊያ አስወጡ። መጥባት ካቃተው አልባችሁ በጡጦ ስጡት። 2 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ስኒ ትንሽ የሚበልጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። እናቲቱ ከሞተች ወይም እንገር ከሌላት ያን ሰሞን ከወለደች ሌላ ፍየል እንገር ውሰዱ። እሱም ከጠፋ የላም እንገር ከምንም ይሻላል።

«እንገር ግልገሉን ያስቀምጠዋል» ብላችሁ መሬት ላይ የምታፈስሱ አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። እየደፋችሁ ያላችሁት የግልገሉን የመጀመሪያ ክትባት ነው።

3. ጉሮኖውን መዝጋትና ማፈን አንድ አይደለም

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። የልማት ሠራተኛ ሆኜ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንዲት ባለቤታቸው የሞተባቸው እናት ዘንድ ሄድኩ። አምስት እናት ፍየሎች ነበሯቸው፣ ግልገሎቹም አዲስ የተወለዱ ነበሩ። ጉሮኖው በእንጨት የታጠረ፣ ንፋሱ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍበት ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት የወጣሁ ትኩስ ባለሙያ ነኝና «ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑት» አልኳቸው። እሳቸውም እንዳልኳቸው ከታች እስከ ጣሪያ በጭቃ መረጉት፣ የቀረውን በላስቲክ ሸፈኑት። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ግልገሎቹ ይስላሉ። ሦስቱ ሞቱ። ቆሜ ሳየው ጉሮኖው ሞቃትና ደህና ነበር። ኋላ ግን አንዱን ግልገል ለማየት በርከክ ስል ዓይኔ ተቃጠለ፣ እንባዬ ወረደ። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ ብርዱን ዘጋህልኝ፤ ሽንቱንም አብረህ ዘጋህብኝ» አሉኝ። ምንም የምመልሰው አልነበረኝም።

የሆነው ይህ ነው። ሽንትና በጠጥ ሲጠራቀም አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ሰው ቆሞ ስለሚገባ ብዙም አይሰማውም። ግልገሉ ግን አፍንጫው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ይተነፍሳል። ጋዙ የመተንፈሻ ቧንቧውን ይልጠዋል፣ ጀርሙም በተላጠው ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሮኖ ስመረምር ተንበርክኬ ነው። እናንተም ጠዋት በሩን ሳትከፍቱ በፊት ገብታችሁ በግልገሉ ቁመት ልክ በርከክ በሉና ሦስት አራት ጊዜ ተንፍሱ። ዓይናችሁን ካቃጠለው ወይም አፍንጫችሁን ከሰነፈጠው ጉሮኖው ታሟል።

ስለዚህ ጉሮኖውን እንዲህ አድርጉት፦

• ከመሬት ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ፣ ግልገሎቹ የሚተኙበትን ከፍታ ሁሉ፣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ዝጉ። የማሽላ አገዳ አስሮ ማቆም፣ ጭቃ መምረግ ወይም የማዳበሪያ ኬሻ መስቀል ይበቃል።

• ከጣሪያው ሥር ሁለት ስንዝር ያህል ክፍት ተዉ። ሞቃቱና የታፈነው አየር በዚያ ይወጣል።

• ወለሉ ደረቅ ይሁን። ከውጭው ከፍ ያለና ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቢሆን ሽንቱ ይወርዳል። በጠጡን ቶሎ ቶሎ ጥረጉ፣ በብርድ ወራት ደረቅ ጭድ ወይም የተከተፈ አገዳ ጨምሩበት። ጭዱን በእጃችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁ ከረጠበ ቀይሩት።

• አዲስ ጉሮኖ የምትሠሩ በሸለቆና በወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ አትምረጡ። ሆርማትና ጎሊና ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀዝቃዛው አየር መጀመሪያ የሚተኛው እዚያ ነው።

• ለግልገሎች ብቻ አንድ ጥግ ለዩ። ትልልቆቹ የማይገቡበት ሆኖ ግልገሎቹ ተጠጋግተው የሚተኙበት፣ ጭድ የሞላበት ትንሽ ክፍል ይሁን።

ግልገል ሰው ቤት አስገብታችሁ የምታሳድሩም አላችሁ። ለአንድ ሁለት ሌሊት ጥሩ ነው። ጭሱ ወደሚሄድበት ጥግ ግን አታስተኙት፣ ጭስም ሳንባ ይጎዳል። ከሞቀ ቤት አውጥታችሁም በጎሕ ብርድ ላይ አትጣሉት። ፀሐይ እስክትሞቅ ይቆይ።

4. የጠዋት ምርመራ

መንጋውን ከማስወጣታችሁ በፊት ትንሽ ቆማችሁ እዩ። ጤነኛ ግልገል ስታስነሱት ይንጠራራል፣ ጅራቱን ያቆማል፣ ሮጦ ከእናቱ ሥር ይገባል፣ ሲጠባም ጅራቱ ይወዛወዛል። ሆዱ ሞላ ያለ ነው።

የታመመ ግልገል ከሌሎቹ ይለያል። ጀርባው ይጎብጣል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ጎኑ ይሰረጉዳል። ያኔ እነዚህን ተመልከቱ፦

• አፍ። ጣታችሁን ታጥባችሁ አፉ ውስጥ አስገቡ። ጤነኛው አፉ ሞቃት ነው፣ ጣታችሁን ይጠባል። አፉ ከቀዘቀዘና ካልጠባ አደጋ ላይ ነው።

• ትንፋሽ። ተኝቶ ሳለ ሳትነኩት የጎኑን እንቅስቃሴ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ጠዋት በብርድ፣ ሳይሮጥ፣ ከ50 በላይ ከሆነ፣ ወይም የአፍንጫው ቀዳዳ እየሰፋ፣ አንገቱን ዘርግቶ የሚተነፍስ ከሆነ ሳንባው ተነክቷል።

• አፍንጫና ዓይን። ቀጭን ንፍጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ወፍሮ ቢጫ ሲሆን በሽታው ገብቷል።

• ጅራት ሥር። በቅዘን የተለወሰ መሆኑን እዩ።

• የዓይን ሽፋን። ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩት ቀላ ያለ መሆን አለበት። ከነጣ ደም አንሶታል፤ ቁንጫ፣ ቅማል ወይም የሆድ ትል ፈልጉ።

• ሙቀት። ሰው የሚጠቀምበት ቴርሞሜትር በፊንጢጣ ሲገባ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለእንስሳት ብቻ ይሁን። ጤነኛው ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ40.5 በላይ ትኩሳት ነው። ከ38 በታች ብርድ ገብቶታል፣ ከ37 በታች ከሆነ ደግሞ ደቂቃ አታባክኑ።

5. ብርድ የገባውን ግልገል ማዳን

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ሕይወት ነው። ሁላችንም ቶሎ ብለን ወተት ልንግተው እንሞክራለን። የቀዘቀዘ ግልገል መዋጥ ስለማይችል ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ወተት ነው።

እርጥብ ከሆነ አድርቁት። የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ሦስት አምጥታችሁ ሙቅ ውኃ ሙሉ፣ በጨርቅ ጠቅልሉና ጎንና ጎኑ አድርጋችሁ በጋቢ ሸፍኑት። ውኃው እጃችሁን የሚያቃጥል አይሁን። የሰው ገላም ጥሩ ምድጃ ነው። ነበልባል አጠገብ ግን አታስቀምጡት፣ ቆዳው ይቃጠላል። አፉ ሲሞቅና ጣት መጥባት ሲጀምር የእናቱን ወተት ወይም እንገር በሞቃቱ ስጡት።

ከተወለደ ከ5 ሰዓት በላይ የሆነው፣ ያልጠባና አንገቱን ማንሳት ያቃተው ግልገል ግን የተለየ ነው። ስቡ አልቋል፣ በደሙ ውስጥ ስኳር የለም። ዝም ብሎ ማሞቅ ብቻውን አንፈራግጦ ሊገድለው ይችላል። ለባለሙያ ደውሉ፤ ግሉኮስ በመርፌ ይሰጠዋል። እስኪደርስ ድረስ በጣታችሁ ጫፍ ጥቂት ማር ወይም የስኳር ውኃ ድዱ ላይ ቀቡለት። መቀባት ነው እንጂ ማፍሰስ አይደለም።

6. ደጋግመው የሚመጡ በሽታዎች

የሳንባ ምች። ሳል፣ ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽና ንፍጥ አለው። በመጀመሪያው ቀን የታየ ግልገል በመድኃኒት ብዙ ጊዜ ይድናል። በአራተኛው ቀን የመጣ ግን ቢድንም ሳንባው ተበላሽቶ ስለሚቀር አያድግም። ከገበያ የተገዛ የሰው ቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትታችሁ አትስጡ። መጠኑ አይታወቅም፣ በጉሮሮ ሲገባ ያንቃል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያስለምደዋል። ባለሙያው ሦስት ቀን ካለ ግልገሉ በሁለተኛው ቀን ቢዘልም ሦስቱን ጨርሱ። መድኃኒት የተወጋ እንስሳ ሥጋና ወተት የሚከለከልበትን ቀን ጠይቁ፣ ጠብቁም።

ተቅማጥ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው በአብዛኛው ከቆሻሻ ጉሮኖና ካልጠባ እንገር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው፣ ጠቆር ያለ ወይም ደም ያለበት፣ ኮክሲዲያ ሊሆን ስለሚችል የራሱ መድኃኒት አለው። በሁለቱም ግልገሉን የሚገድለው የውኃ እጥረት ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በጥቢያዎቹ መካከል በቀን አራት አምስት ጊዜ አንድ አንድ ስኒ ስጡት። ወተቱን አትከልክሉት።

ደስታ መሰል በሽታ። ብዙ ፍየሎች በአንድ ጊዜ በትኩሳት ከተያዙ፣ ዓይንና አፍንጫቸው ከፈሰሰ፣ አፋቸው ውስጥ ቁስል ከታየና ከተቀመጡ ይህን ጠርጥሩ። ቫይረስ ስለሆነ የሚገድለው መድኃኒት የለም፣ የሚከላከለው ክትባት ግን አለ። የታመመ ለዩ፣ መንጋውን ወደ ጋራ ውኃና ወደ ገበያ አትንዱ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው ባለሙያ ንገሩ። ናሙናው ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ተልኮ ይረጋገጣል። የበሬና የላሙ ደስታ በሽታ በክትባት ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። የፍየሏንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም ተስማምቷል። ያ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ መንጋ ሲከተብ ነው።

የፍየል ተላላፊ የሳንባ በሽታ። ግልገል አዋቂ ሳይል ያጠቃል። የሚያቃስት ትንፋሽና ከባድ ሳል ነው። ብዙ ጊዜ ከገበያ በተገዛች ፍየል ይገባል። አዲስ የተገዛች ፍየልን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ።

የእነዚህ ክትባቶች የሚመረቱት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ክትባት ብርቱ ብርድ ከመግባቱ በፊት ይሰጥ። ግልገሎች አራት ወር ሲሞላቸው ይከተቡ፣ ከዚያ በፊት የእንገሩ መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። የታመመን መከተብ መድኃኒት አይሆንም።

7. ከብርዱ በፊት የሚሠራ ሥራ

ፍየል የምታረግዘው 5 ወር ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ፍየሎቹ ይጠግባሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይጠቃሉ። አምስት ወር ቁጠሩ፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይወልዳሉ። ግልገሉ በብርድ፣ እናቲቱ በደረቅ አገዳ ላይ ይሆናሉ። አውራውን በእነዚያ ሁለት ወራት መለየት ወይም ሆዱ ሥር ሽርጥ ማሰር ትችላላችሁ። በሚያዝያና በግንቦት የተጠቃች በመስከረምና በጥቅምት ትወልዳለች፤ ግልገሉ ብርዱ ሲገባ ጠንክሮ ይጠብቃል። በጥቅምት የተጠቃችም በመጋቢት ትወልዳለች፣ ብርዱ አልፏል። ትርፍ አውራዎችን ማኮላሸትም ያልታሰበ እርግዝናን ያስቀራል።

በብርድ መውለዷ ካልቀረ ደግሞ እናቲቱን መግቡ። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻው ወር ተኩል ነው። በዚያ ጊዜ የማሽላ አገዳ ብቻ አይበቃትም። የማሾ ወይም የሽምብራ ገለባ፣ የግራር ፍሬ፣ ካላችሁም በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፉርሽካና ፋጉሎ ድብልቅ ስጧት። የከሳች እናት ቀጭን ግልገል፣ ጥቂት እንገር ነው የምትሰጠው።

8. ዛሬ ማታ

ሁሉን በአንድ ቀን መሥራት አይቻልም። ዛሬ ማታ ግን ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር አድርጉ። ጉሮኖው ውስጥ ተንበርክካችሁ ተንፍሱ። ጭዱን ጨብጡ። ሊወልዱ የደረሱትን እናት ፍየሎች ቁጠሩና ደረቅ ጨርቅ፣ አዮዲንና የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ቁጥር በአንድ ቦታ አዘጋጁ። ፍየል ሰው ተኝቶ ሳለ ልትወልድ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጨርቅ ፍለጋ አይደረግም።

ቅድም የነገርኳችሁ እናት በቀጣዩ ዓመት የጉሮኖውን የላይኛውን ላስቲክ ራሳቸው ቀደው ጣሉት፣ የታችኛውን ጭቃ ተዉት። ያን ታኅሣሥ አንድም ግልገል አልሳለባቸውም። እኔ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን እሳቸው ተንበርክከው አገኙት። እናንተም ያገኛችሁት ነገር ካለ በሚቀጥለው ሥልጠና አምጡልን፣ ጥያቄም ካለ አሁን እንነጋገር።